የነጣው የትራስ ልብስ

«እማማ፣ ይሄ ነገር ይለቀኛል ወይ?»

መቅደስ ይህን ከጠየቀችኝ ዘጠኝ ቀን ሆናት፤ እኔም ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልመለስኩላትም። «ይለቅሻል» የምትለው ቃል አፌ ላይ ትደርስና ተመልሳ ትዋጣለች። ምን ላድርግ? ብጉር ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ላይ ካልወጣ የት ሊወጣ ነው? እሷ ግን እንዲህ አታየውም። ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚህ ሙቀት እስከ ዓይኗ በሻሽ ተጠቅልላ ነው። ምሳ ስንበላ ጀርባዋን ትሰጠናለች። መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች፤ ባለቤቴ ግርማ ጢሙን ሊላጭ ፈልጎ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ፊቴን የት አደረጋችሁት?» ቢል የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ፤ ቅባትም ኪኒንም ተሰጥቷታል። እስካሁን ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። «መጀመሪያ ይብሳል፣ ሦስት ወር ታገሺ» ነው የተባለችው። ሦስት ወር ለእኔ ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን ዕድሜ ነው። ከውጭ ስትዘገይ ልቤ ይመታል፤ ቤት ስትውልም ይመታል።

መቅደስን እኔ አልወለድኳትም። የግርማ የልጁ ልጅ ናት፤ እናቷ ዐረብ አገር ስትሄድ በሦስት ዓመቷ እጄ ላይ ጥላት ሄደች። ሳልወልድ አያት ሆንኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የሠፈር ሴቶች ሲቀልዱ «አንቺ ነፃነት፣ ወጣት ጠፍቶ ነው ለዚህ አዛውንት የዳሩሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ ጠፍቶ ነው። ግርማ ከሩቅ አገር በሥራ ተዛውሮ የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስለነበረ ዘሬን አልጠየቀም። የሐረር ሰው ግን ጠይቆ ጨርሶ ነበር። ያ ለምን እንደሆነ ለመቅደስ ነግሬያት አላውቅም። የጥያቄዋ መልስ ያለው ግን እዚያው ውስጥ ነው።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት። አባቴ የመቶ አለቃ እንደሻው በውትድርና ከጎጃም መጥቶ ሐረር ልጅ ወልዶ የቀረ ሰው ነው። ጦሩ ሲበተን ከጓዶቹ ጋር ተሃድሶ ገባ፤ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። እኛንም ከካምፑ ቤት አስወጡን። እናቴ በለጡ፣ ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅና እኔ አንድ አልጋና ሁለት ሣጥን በአህያ አስጭነን በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ገባን። ሐሊማ የሚባሉ፣ ስፌት ሰፍተው የሚሸጡ ባልቴት ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል አከራዩን። «አይ» ብዬ እጠራቸው ነበር፤ በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ቀድቼ ነው።

ጥሩወርቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እታለም እላታለሁ። ካምፕ ሳለን ፊቷ እንደ ማንኛውም ልጃገረድ አንድ ሁለት ብጉር ጣል ያደረገበት ነበር። ጀጎል በገባን ክረምት ግን ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀይ እባጭ ሞላው። አንዳንዱ መግል ይይዛል፣ አንዳንዱ እንደ ባቄላ ጠጥሮ ከውስጥ ይቀራል። በየትኛው ጉንጯ እንደምትተኛ ይቸግራት ነበር። ሎሚ ቀባች፣ ፊቷ ተላጠ። ነጭ ሽንኩርት አሸች፣ ተቃጠለ። የጥርስ ሳሙና ለድፋ አድራ ጠዋት ስትታጠበው ከነቆዳው ተነሣ። እናቴ በየማለዳው ጠበል አመላለሰቻት። ከዚያ አንዷ ጓደኛዋ በኮንትሮባንድ የሚገባ ቅባት በትንሽ ቱቦ ሰጠቻት። በሳምንቱ ፊቷ ጠራ፤ እናቴ ደስ ብሏት ስለት ተሳለች። ቅባቱ ባለቀ በወሩ ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ተመለሰ።

እንዲህ ያስጨነቃት ደግሞ ሳሙኤል ነው። ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይቀድማት የነበረ፣ አሁን ግብርና ቢሮ ጸሐፊ የሆነ ዝምተኛ ልጅ። ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረው ቀኑ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ተቆርጧል። ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ ሙሉመቤት «ከሽማግሎቹ ጋር መጥቼ ልጅቷን በዓይኔ አያለሁ» ብለዋል። አባቴ በሌለበት ቤት አንድ የሚመካበት ሰው እንዲገባ ነበር የእናቴ ስለት ሁሉ። እህቴ ደግሞ ሳሙኤልን ትወደዋለች፤ ስሙ ሲነሣ ነጠላዋን የምታስተካክለው ለዚያ ነው።

«ፊቴን ሸፍኜ ለሰው አልቀርብም» ትላለች። «ከመጡ ገልጬ ነው የምቀርበው። ካልሆነ ይቅርብኝ።»

በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አይ ሐሊማ ነደባ ከሚሉት ከፍ ያለ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ስፌታቸውን ይሰፋሉ። እናቴ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣለች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የወዳደቀ አለላ እለቅማለሁ።

«በለጡ፣ ስሚኝ» አሉ አይ ሐሊማ። «ይሄ የሎሚና የሽንኩርት ነገር ይብቃ። ልጅቷን ወጥ አደረግሻት እኮ። ቆዳ የሚያውቅ ሐኪም አለ።»

«የት ነው ያለው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከኤረር በር ወጥቶ በመኪና የሚኬድበትን ሆስፒታል ስም ጠሩ። እናቴ የወጋት ነገር እንዳለ ብድግ አለች።

«ምነው እርስዎ! እዚያ ማን ነው የሚሄደው? ከእነዚያ ጋር?»

«የእነዚያን ቆዳ ሲያክም የኖረ ሐኪም የልጅሽ ፊት ይከብደዋል? የእህቴ ልጅ እዚያ ሄዶ ነው የዳነው። ወላሂ፣ ዛሬ ብታዪው ሕፃን ነው የሚመስል።»

«ሰው ቢሰማ የሚያገባት የለም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ይህቺም ትንሿ ቁማ ትቀራለች።»

«ማን ይናገራል? ሶፊ ገጠር ዘመዶቼ ዘንድ ይዣት ሄድኩ እላለሁ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

ያ ሆስፒታል የማን እንደሆነ የማያውቅ የሐረር ልጅ የለም። ለመድኃኔዓለም በዓል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚደረደሩት፣ ጣታቸው ያለቀ፣ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉት ሰዎች ከዚያ ነው የሚመጡት። ያኔ በሽታውን የምንጠራበትን ቃል ዛሬ አልደግመውም፤ የሥጋ ደዌ ልበለው። እህቴ እዚያ ልትሄድ ነው፤ እናቴ ታለቅሳለች፤ የሚያገባት የለም ተብሏል። አሥር ዓመት የሞላው ጭንቅላት ከዚህ ሌላ ምን ያወጣል? አለላውን መሬት ላይ ትቼ ወጣሁ፤ ማንም አላየኝም።

ዛሬ ሳስበው፣ የቆዳ ሐኪም በዚያ ዘመን ከዚያ በቀር የት ይገኝ ነበር? ስንት የእከክ፣ ስንት የጭርት፣ ስንት የብጉር በሽተኛ ተደብቆ እዚያ ደርሶ ተመልሷል። ሁሉም ተደብቆ ስለሄደ ነው ሌላ ሰው እንደሚሄድበት ያልታወቀው።

አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ተከተልኳቸው። እታለም እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች፤ አይ ሐሊማ በቀይ ሻርፓቸው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ከኤረር በር ውጭ አንድ አሮጌ ፒካፕ ቆሟል። ኋላው ላይ ሁለት እግሩ የተጠቀለለ ሽማግሌና አንዲት ሴት አሉ። የሴትዮዋ እጅ ጣት የለውም። እህቴ ከጎኗ ተቀመጠች። መኪናው ሲነሣ ሴትዮዋ በሁለት መዳፏ መሐል አንድ ብርቱካን ይዛ ዘረጋችላት፤ እህቴም ተቀብላ ልጣ ግማሹን መልሳ አጎረሰቻት።

ግንቡን ተደግፌ አስታወኩ። አሁን በእህቴ የምትኮሪበትን አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል፣ በዚያ ብርቱካን ነው የምኮራው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከእሷ አልተነቀለም፤ ያየሁትም ሁሉ ጥርጣሬዬን አጸናልኝ። ፎጣዋን ለየች፤ «ይሄን እንዳትነኪ፣ የኔ ብቻ ነው» አለችኝ። ፀሐይ ሸሸች፤ ልብስ ስታጥብ እንኳ ከጥላ ጥላ ትዘዋወራለች። ሣጥኗ ውስጥ ኪኒን የያዘ ብልቃጥ አለ፣ በሰዓቱ ትውጣለች። ሲመሽ ከአንድ ቱቦ ስስ አድርጋ ትቀባለች። ፊቷን ጠዋትና ማታ በተራ ሳሙና ብቻ ትታጠባለች፤ ሎሚውንም ሽንኩርቱንም እናቴ ስታመጣላት «ከለከሉኝ እኮ እማዬ፣ አታፍርጪው ብለውኛል፣ አትነካኪው ብለውኛል» ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ ጭራሽ ባሰ። እናቴ «ይሄው የመጨረሻዬ» እያለች ጉልበቷን ትመታለች።

የጨረሰኝ ግን የትራስ ልብሱ ነው። እናቴ በእጇ የሰፋችው ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ የካቲት ላይ እህቴ ጉንጯን በምታሳርፍበት በኩል መንጣት ጀመረ። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል፣ ከዚያ የመዳፍ ያህል። ቢታጠብ አይለቅም። ፎጣዋም እንዲሁ በየቦታው ገረጣ። የነካችው ሁሉ ይነጣል።

ዘነበች የምትባል የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። እንደዋዛ አድርጌ ጠየቅኋት።

«በሽታው እንዴት ነው የሚጀምረው?»

«መጀመሪያ ቆዳው ነጣ ነጣ ይላል» አለች፣ እርሳሷን እየላሰች። «ከዚያ እሳት ቢነካው አይሰማውም። ከዚያ ጣት ነው። ከትንሿ ይጀምራል። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው።»

እህቴ ልብስ ስታሰጣ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ስታማትብ ጣቶቿን እቆጥር ነበር። አሥር። በማግስቱም አሥር። ጠዋት ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ትንሿን ጣቷን ነው። መድኃኔዓለምን «መውሰድህ ካልቀረ ከኔ ውሰድ፣ እኔ ገና ነኝ፣ የሚያገባኝ የለም» ብዬ ለመንኩት። በመጋቢት ፊቷ መጥራት መጀመሩን፣ እባጩ መርገፉን፣ እናቴ መሬት ስማ መነሣቷን ከግቢው ሰው ሁሉ ያላየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ፊቷን ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

በፋሲካ ማግስት ምሳ በልተን እህቴ ጋደም አለች። እንቅልፍ ወሰዳት። የአይ ሐሊማን ወስፌ አንሥቼ ከአልጋው ሥር ተንበረከክሁ። ትንሿን ጣቷን መረጥኩ። ወጋኋት።

ጮኻ ዘለለች። ዘልላም በጥፊ አጮለችኝ።

«አበድሽ ወይ አንቺ ልጅ?»

«አመመሽ?» አልኳት፤ ጉንጬ እየነደደ እስቃለሁ።

«ታዲያ አያመኝም? ደሜን አፍስሰሽ!»

«በጣም ነው ያመመሽ?»

«ነፂ፣ ምን ነክቶሻል?»

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ድናለች። የዘነበች ቃል ሐሰት ከሆነ ግድ የለኝም፣ እውነት ከሆነ ግን እህቴ ድናለች። እሷም ምኑም ሳይገባት ጣቷን እየመጠጠች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይሞቃል። እዚህ ላይ ቢያበቃልኝ ምን ነበረበት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ እናቴ የእህቴን ቀሚስ ከልብስ ሰፊው እንዳመጣ ወደ መኪና ግርግር ላከችኝ። በግራና በቀኝ የልብስ ሰፊዎች መኪና የሚንጫጫበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ነው። ቀሚሱን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ታቅፌ ስወጣ አንዲት ወይዘሮ ትከሻዬን ያዙኝ። ጥርሳቸው ነጭ፣ ነጠላቸው ነጭ። ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ፤ የሳሙኤል አክስት ወይዘሮ ሙሉመቤት ናቸው።

«የመቶ አለቃ እንደሻው ልጅ አይደለሽም? እንዴት አድገሻል በሞቴ።»

ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ እጄን ይዘው ወስደው ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ገዙልኝ። የሱቁ ደረጃ ላይ አስቀመጡኝና እስክጎርስ ጠበቁ።

የእኛ ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ያጠናል። ትልልቁን ሰው ጠይቆ ሲጨርስ ወደ ልጅ ይመጣል፤ ልጅ አይዋሽም ይባላላ። ከሁሉም በላይ የሚፈራው ያ በሽታ ነበር፤ በዘር ይወርዳል ስለሚባል አንድ ሰው ላይ ከተሰማ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በዘር አይወርድም። በኪኒን ይድናል፤ ያኔም ይድን ነበር። ይህን ግን ለወይዘሮ ሙሉመቤት የነገራቸው የለም፤ ለእኔም።

«እህትሽ ረቡዕ ረቡዕ የት ነው የምትሄደው?»

«ሶፊ» አልኩ፣ እንደተነገረኝ።

«ሶፊ ለመሄድ ከእነዚያ ጋር መሳፈር ምን አመጣው? ያያት ሰው አለ እኮ ልጄ።» ትከሻዬን ዳሰስ አደረጉ። «እኔ ክፉ አላስብም። ልጃችን ልትሆን ነው፤ ካመማት ላሳክማት አይገባም? ንገሪኝ፣ አሟታል?»

አሰብኩ። እግዜር ይመስክር፣ በጣም አሰብኩ። አላመማትም ብል አይተዋታል፣ ዋሽታ ነው ይላሉ፤ እህቴንም ውሸታም ያደርጓታል። እውነቱ ደግሞ መልካም ነው። ድናለች።

«አሟት ነበር» አልኳቸው። «አሁን ግን ድናለች።»

«ምኗን ነበር ያመማት?»

«ሁሉም ጣቶቿ አሉ። በየቀኑ እቆጥራለሁ። ስትወጋም ይሰማታል፤ በወስፌ ወግቻት ጮኻለች። ሐኪሞቹ አድነዋታል። የማትነኩት ፎጣዋን ብቻ ነው።»

ትከሻዬ ላይ የነበረው እጃቸው ተነሣ። ቀስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ መዳፋቸውን ጠረጉ፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት።

«ጎበዝ» አሉኝ። «ቀሪውን ሐላዋ አንቺው ጨርሺው።»

እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ። ሠርጉን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

የተቀጠረው እሑድ መጣ። አይ ሐሊማ ምንጣፋቸውንና ጥሩ ጥሩውን ስፌታቸውን አውጥተው ክፍላችንን አለበሱልን። በአባቴ ቦታ ሽማግሎቹን የሚቀበሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉ የድሮ አለቃው ኮት ለብሰው ተገኙ። እህቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከመጋረጃው ስትወጣ አይ ሐሊማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ማሻአላህ። ይሄ ፊት የት ነበር እስከ ዛሬ?»

አንዲት እባጭ የለባትም። የድሮው ጠባሳ እንኳ እንደ ጥላ ሆኖ ነው የቀረው። መስታወቱን ወስዳ እያየች ፈገግ አለች፤ ከዚያ አፍራ አስቀመጠችው።

አራት ሰዓት የተባለው ስድስት ሆነ። ስድስቱ ዘጠኝ ሆነ። እናቴ የተጠረገውን ደጅ ደጋግማ ጠረገች። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሰዓታቸውን አይተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የመኪና ችግር ይሆናል» አሉ።

የሳሙኤል ቤት ከእኛ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ። አይ ሐሊማ ምንጣፉን ሳይጠቀልሉ ተዉት፤ ሦስት ቀን እንደተነጠፈ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ተለወጠ። ቦኖ ስንሄድ ሴቶቹ «ቅጂ፣ ቅጂ፣ ቅደሚ» ብለው ለእህቴ ወረፋ ይለቃሉ፤ ደግነት መስሎኝ ነበር። ቀድታ ስትነሣ ቧንቧውን በአመድ ሲፈትጉ አየሁ። ባለሱቁ መልሷን እጇ ላይ መስጠት ትቶ ባንኮው ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። እናቴ ሌት ተቀን ታለቅሳለች። እኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሽታው ሳይመለስባት አልቀረም። እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።

በሳምንቱ ረቡዕ እታለም ከገበያ ገብታ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ሳትቀመጥ ቆመች።

«ሳሙኤልን ፈረስ መጋላ አገኘሁት» አለች።

እናቴ ቀና አለች። «ምን አለሽ?»

«ጤና ይስጥልኝ አለኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ፊቴን ገልጬ ነበር፣ እማዬ። አላየውም። ጣቶቼን ነው ያየው። ሰው ሁሉ ጣቶቼን ነው የሚያየው። ለምንድን ነው?»

አሳዘነችኝ። ላጽናናት ፈለግሁ።

«አታልቅሺ እታለም» አልኳት። «እኔ እኮ ነግሬያቸዋለሁ። ለወይዘሮ ሙሉመቤት ድናለች ብያቸዋለሁ። ጣቶቿ አላለቁም፣ እዚያ ሆስፒታል አድነዋታል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

አይ ሐሊማ ከደጅ «ያ ረቢ» ሲሉ ተሰማኝ። እናቴ ተነሥታ ልትመታኝ እጇን አነሣች፤ እጇ አየር ላይ ቀርቶ ራሷን መታች። እህቴ ግን አልተቆጣችም። መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች፤ እጄን ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ለስላሳ ነበር።

«ይሄ ነበር፣ ነፂ» አለችኝ። «ይሄ ብቻ ነበር።»

አልገባኝም። ዳነልኝ ያለችኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁላት።

ካደግሁ በኋላ እናቴ ነገረችኝ። «ብጉር ነበር እኮ፣ ሌላ ምን ነበረባት?» አለችኝ ከመሞቷ በፊት። አመንኳት ልበል? በአፌ አምኛታለሁ። በልቤ ግን አንዲት ነገር ይዤ ኖርኩ፣ የትራስ ልብሱን። ብጉር ጨርቅ ያነጣል እንዴ? እናቴ እንዲህ ያለችኝ ልጇን ለመሸፈን ነው አልኩ፤ እህቴ እውነትም ያ በሽታ ነበረባት፤ እኔ እውነት የሆነውን ነገር ያለ ቦታው ተናገርኩ እንጂ አልዋሸሁባትም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ተደግፌ ተኛሁ። ለእኔም ሽማግሌ የሚልክ ሲጠፋ ያችኑ እያሰብኩ ቻልኩት። አባቴ ከተሃድሶ ወጥቶ «የት ሄደች ልጄ?» ሲለኝም ያችኑ እያሰብኩ ዝም አልኩ።

መቅደስ የጠየቀችኝ ቀን የአልጋ ልብሷን እየቀየርኩላት ነበር። የትራስ ልብሷ ቡናማ ነው። ጉንጯን በምታሳርፍበት በኩል ነጥቷል፣ የመዳፍ ያህል።

ቅባቱን ከመስኮቱ አንሥቼ ይዤ በነጠላዬ ሮጥኩ፤ መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ቱቦውን አገላብጣ አየችው።

«ይሄማ ልብስ ያነጣል፣ አልነገሯችሁም?» አለችኝ። «ነጭ ፎጣ ለብቻዋ አድርጉላት። ፀሐይም ትጠንቀቅ። ሌላ ጉዳት የለውም እናቴ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ዱሮም የነበረ ነው።»

ዱሮም የነበረ ነው።

ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። መቅደስ በር ላይ ቆማ፣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ጠየቀችኝ። ይለቅሻል፣ ልጄ። ቅባቱም ይሠራል፣ ኪኒኑም ይሠራል፣ ሦስት ወር ነው። የለቀቃት ሰው አውቃለሁ። ግን ማን ናት ብትለኝስ? አሁን የት ናት ብትለኝስ? ከጅቡቲ አንድ ደብዳቤ ጽፋ ነበር፣ ደህና ነኝ የምትል፣ ለእናቴ። የእኔ ስም የለበትም። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም።

እህቴ ከቤት የሄደችው ሐሙስ ነበር፤ እጄን ጉንጯ ላይ ባደረገች በማግሥቱ። ፀሐዩ ገና ጠዋት ከግንቡ በላይ ወጥቶ ነበር። እህቴ ተነሥታ እንደታዘዘችው ፊቷን በተራ ሳሙና ታጠበች፤ በዚያ በገረጣ ፎጣዋ ሳታሽ መታ መታ አድርጋ አደረቀች። ለሽማግሎቹ ቀን የተሰፋውን ቀሚስ ለበሰች። ትንሽ ጥቅል ነበረቻት። ብልቃጡንና ቱቦውን ሣጥኑ ላይ ጎን ለጎን አቁማ ተወቻቸው። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እግሯን ሰብስባ አሳለፈቻት። አይ ሐሊማ ወስፌያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

ነጠላዋን በሕክምናዋ ወራት እስከ ዓይኗ ነበር የምትከናነበው። ያን ቀን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። አራት ወር የሸሸችው ፀሐይ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ውስጥ ሰብስባ ከነጠላው ሥር ደበቀቻቸው። ቦኖው ጋ የቆሙት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት። እኔ ልቆጥር ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ጣቶቿ አልታዩኝም። ግንቡን ዞረች።